የጣሪያ ሮቶን የውሃ መጠን በቤት ዋይፋይ መከታተያ እንዴት እንደሚሠራ

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎም ሆነ በልደታ ኮንዶሚኒየሞች ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ሮቶው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ የብዙ ቤተሰብ የዘወትር ጥያቄ ነው። በየጊዜው ጣሪያ ላይ እየወጡ ክዳን ከመክፈት ይልቅ፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) እና አንድ ሴንሰር (የሚለካ መሣሪያ) ቁጥሩን በቤቱ ዋይፋይ እንዲልኩ ማድረግ ይቻላል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መረጃው ከጣሪያው ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ቤት ውስጥ ወዳለ ኮምፒውተር ብቻ ስለሚሄድ የውጭ መስመር ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። መረጃውን መላኩ ቀላል ነው። ጥንቃቄ የሚጠይቀው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ነገር ያለ ሰው እጅ ወደ ሥራው እንዲገባ ማድረግ በመሆኑ፣ ከታች ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለዚያ ክፍል ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ማይክሮኮንትሮለሩ ማለትም ኢኤስፒ 32 ቦርድ፣ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የተባለው ውሃ የማያስገባ የአልትራሳውንድ ሴንሰር (ድምፅ ልኮ ከውሃው ገጽ ሲመለስ ርቀቱን የሚለካ)፣ የ1 እና የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ የ12 ቮልት አዳፕተር፣ ቮልቴጅ ወደ 5 የሚያወርድ ሞጁል እና በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ናቸው። ሳጥኑ ብረት ከሆነ ሲግናሉን ያፍናል። መረጃውን ለሚቀበለው ኮምፒውተር ብዙዎች ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ይመርጣሉ፤ እኔ ግን ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ባትሪው እንደ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ኃይል) ያገለግላል።

የ220 ቮልት መስመር ወደ ጣሪያ አይውሰዱ፤ በክረምት ዝናብ አደገኛ ነው። 5 ቮልትም በረጅም ገመድ ሲሄድ እየደከመ ይደርሳል። ስለዚህ አዳፕተሩን ቤት ውስጥ ሰክተው 12 ቮልቱን በገመድ ወደ ላይ መላክና እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ወደ 5 ማውረድ ይሻላል። ኢኤስፒ 32 በዋይፋይ በሚልክበት ቅጽበት ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ፣ ካፓሲተሩን ከቦርዱ የ5 ቮልት መግቢያ ጋር ካላገናኙ ቦርዱ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ ሊነሳ ይችላል።

ሴንሰሩ በ5 ቮልት ሲሠራ የመልስ ፒኑም (ምልክቱ የሚወጣበት መገናኛ እግር) 5 ቮልት ያወጣል፤ የኢኤስፒ 32 ፒኖች ደግሞ የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ነው። የሴንሰሩን መልስ በ1 ኪሎ ኦሙ አሳልፈው ወደ ቦርዱ ፒን ያስገቡ፤ ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ (የኃይሉ አሉታዊ መስመር) 2 ኪሎ ኦሙን ያገናኙ። በዚህ መንገድ ቮልቴጁ ወደ 3.3 ገደማ ይወርዳል።

ሴንሰሩን ክዳኑን በስተው ወደ ታች በቀጥታ እንዲያይ፣ ውሃ ከሚገባበት ቧንቧም ራቅ እንዲል አድርገው ይግጠሙት። ይህ ሴንሰር ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ከሚሆን ርቀት በታች በትክክል ስለማይለካ፣ ሮቶው ሲሞላ እንኳ በውሃውና በሴንሰሩ መካከል ከዚያ የበለጠ ክፍተት መኖር አለበት። ርቀቱ የሚገኘው ድምፁ ተመልሶ እስኪደርስ የወሰደውን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በየዲግሪው በ0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ማለቷ እዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ፀሐይ የመታው ሮቶ ውስጥ ያለው አየር 35 ዲግሪ ቢደርስ በ1 ሜትር ላይ እስከ 3 ሴንቲሜትር ስሕተት ይፈጠራል፤ ለቤት አገልግሎት ይህ የሚያሳስብ አይደለም። ይልቅ አንድ ልኬት ብቻ ወስደው አይላኩ። አምስት ወይም ሰባት ጊዜ ለክተው፣ በቅደም ተከተል ደርድረው መካከለኛውን ይውሰዱ፤ አማካይ ከወሰዱ አንድ የተሳሳተ ልኬት ውጤቱን በሙሉ ያዛባዋል።

ራውተሩን በተመለከተ፣ የተለመደው ኢኤስፒ 32 የ5 ጊጋኸርዝን ዋይፋይ ጨርሶ አያይም፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ መከፈት አለበት። የሲግናሉን ጥንካሬ በስልክ ሳይሆን በራሱ በቦርዱ፣ እዚያው ጣሪያው ላይ ይለኩ፤ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪትና የቆርቆሮ ጣሪያ ብዙ ይቀንሱታል። ከ-70 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የከፋ፣ ለምሳሌ -80፣ ከሆነ ራውተሩን ወደ መስኮት ያስጠጉ።

በላፕቶፑ ላይ ሞስኪቶ የተባለውን ነፃ የኤምኪውቲቲ ብሮከር ይጫኑ፤ ኤምኪውቲቲ መሣሪያዎች አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ብሮከሩ መልእክቶቹን ተቀብሎ ለሚፈልጋቸው የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ከ2.0 ጀምሮ ያሉት የሞስኪቶ ስሪቶች በማዋቀሪያው ፋይል ፖርት 1883 (ኤምኪውቲቲ የሚጠቀምበት የመገናኛ በር) በግልጽ ካልተከፈተላቸው በስተቀር ከራሱ ከኮምፒውተሩ ውጭ ማንንም አይቀበሉም፤ ብዙ ጀማሪ ኮዱ የተበላሸ መስሎት ሰዓታት የሚያባክነው እዚህ ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም ያድርጉለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መብራት ሲመለስ ኢኤስፒ 32 ወዲያውኑ ይነሳል፤ ራውተሩ ግን ተነስቶ ዋይፋዩን እስኪያሰራጭ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በየቦታው ከሚገኙት የናሙና ኮዶች ብዙዎቹ የዋይፋይ ግንኙነቱን የሚሞክሩት በመነሻው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ራውተሩ ሳይደርስ ሲቀር ቦርዱ እዚያው ተቸንክሮ ሊቀር ይችላል። የግንኙነቱ ጥበቃ በማያቋርጠው ዋና ዑደት ውስጥ መቀመጥ አለበት፦ በየ10 ሰከንዱ ዋይፋዩ መኖሩን ይጠይቅ፤ ከሌለ እንደገና ይሞክር፤ ዋይፋዩ ካለ ደግሞ የብሮከሩን ግንኙነት ለብቻው ይፈትሽ፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። አምስት ደቂቃ ሙሉ ካልተሳካ ቦርዱ ራሱን እንደ አዲስ ያስነሳ። በዑደቱ ውስጥ ረጅም የማቆያ ትእዛዝ አይጠቀሙ፤ ቦርዱ ተኝቶ ሳለ ብሮከሩ የጠፋ መስሎት ግንኙነቱን ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለላፕቶፑ ሌላ አድራሻ ሊሰጠው ስለሚችል፣ ቦርዱ ማንም በሌለበት አድራሻ ሲያንኳኳ ይውላል። በራውተሩ ማዋቀሪያ ገጽ የላፕቶፑን ማክ አድራሻ (የማይለወጥ የመሣሪያው መለያ) ከአንድ ቋሚ አይፒ ጋር ያስሩት። ሞስኪቶም ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ፣ ላፕቶፑም ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ያድርጉ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከፋው ያረጀ ቁጥር ነው። መልእክቱን ብሮከሩ እንዲያቆየው አድርገው ከላኩ፣ ቦርዱ ከሞተ በኋላም በቤቱ ዋይፋይ ከብሮከሩ ቁጥሩን በሚያነበው ስልክዎ ላይ «80 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ቤተሰቡም ውሃ አለ ብሎ ተማምኖ ልብስ ማጠብ ይጀምራል። ኤምኪውቲቲ ለዚህ መፍትሔ አለው፦ ቦርዱ ሲገናኝ «ከጠፋሁ ይህን አስተላልፍ» የሚል መልእክት ብሮከሩ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ግንኙነቱ በድንገት ሲቋረጥ ብሮከሩ ያንን ያሰራጫል። ከዚህ በተጨማሪ ከቁጥሩ ጎን የመጨረሻው መልእክት የደረሰበት ሰዓት ይታይ።

ቀሪው ልኬት ነው፦ ሮቶው ባዶ ሲሆንና ሲሞላ ያሉትን ሁለት ርቀቶች መዝግበው በመቶኛ ያስሉ፤ በደቂቃ አንድ ጊዜ መላክ ከበቂ በላይ ነው። ሥራውን ተጠናቋል ከማለትዎ በፊት የቤቱን ብሬከር ያውርዱ፣ ጥቂት ቆይተው ይመልሱት፤ ከዚያም ምንም ሳይነኩ አዲስ ቁጥር እስኪመጣ ይጠብቁ። ይህንኑ ራውተሩን ብቻ በማጥፋት፣ ቀጥሎም ላፕቶፑን ብቻ በማጥፋት ይድገሙት፤ በአንዱ እንኳ ቁጥሩ ካልተመለሰ ሳጥኑን ገና አይዝጉት።