«ስንት ቴራ ይሁን?» ለዳታቤዝ ሰርቨር ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ለሱቁ ወይም ለሆቴሉ ሰርቨር (የድርጅቱን መረጃ ይዞ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል ኮምፒውተር) ሊገዛ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ቴራ ይሁን?» ብሎ ነው፤ አንድ ቴራ 1,000 ጊጋባይት ማለት ነው። ስህተቱ ከዚሁ ይጀምራል። የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ የዓመታት ሽያጭ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ 100 ጊጋባይት አይሞላም። ዳታቤዙን፣ ማለትም ሽያጩንና ዕቃውን የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ የሚያንቀው የዲስኩ ፍጥነት ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ ብቻ 8 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። እዚህም እዚያም የተበተነ መረጃ እየፈለገ ሲያነብ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ቢደርስ ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ግን በአስር ሺዎች ያነባል። በ8 ቴራ ሃርድ ዲስክ ፈንታ 1 ቴራ ጥሩ ኤስኤስዲ ግዙ።

«ጥሩ» ያልኩት በምክንያት ነው። ዋጋው ረከሰ ብለው የላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሰርቨር ላይ የሚገጥሙ ብዙ ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። ዳታቤዝ «ሽያጩ ተመዝግቧል» የሚለው ዲስኩን አምኖ ነው። አንዳንዱ ዲስክ ግን መረጃውን ገና ካሹ (መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ጊዜያዊ ማቆያው) ውስጥ ይዞት ሳለ «ጽፌዋለሁ» ይላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋ ጉድ ፈላ። አንድ ደንበኛዬ ጋ ይኸው ደረሰ፤ ዳታቤዙ አልነሳም አለ። የጠዋቱን ባክአፕ መለስን፣ የቀኑን ሽያጭ ግን ከደረሰኝ ቀሪ ላይ እያነበብን እስከ እኩለ ሌሊት በእጅ አስገባን። የሰውየው ድንጋጤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ለሰርቨር ተብለው የተሠሩ ብዙ ኤስኤስዲዎች መብራት ሲቋረጥ የጀመሩትን ጽፈው የሚጨርሱበትን ኃይል የሚያቆይ ካፓሲተር አላቸው። ሻጩን «ፓወር ሎስ ፕሮቴክሽን አለው?» በሉት። ካላወቀ የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን መግለጫ እዩ።

«ዩፒኤስ አለኝ» ብሎ መዘናጋትም አለ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ግድ ነው። ግን ባትሪው ሙቀት አይወድም፤ አዳማ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለች ዝግ ክፍል ከተቀመጠ ቶሎ ያረጃል። ያረጀ ባትሪ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የማሠራት ዘዴ ሬይድ ይባላል፤ ቦታ ለመቆጠብ ሬይድ 5 የሚባለውን ዓይነት የሚመርጡ አሉ። ሬይድ 5 ትንሽ መረጃ በተጻፈች ቁጥር ሁለቴ አንብቦ ሁለቴ ይጽፋል። ብዙ ለሚጻፍበት ዳታቤዝ ሁሉንም መረጃ በሁለት ዲስክ የሚይዘው ሬይድ 10 ይሻላል። የትኛውም ሬይድ ግን ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የሰረዛችሁት ከሁሉም ዲስክ እኩል ይሰረዛል።

ፕሮሰሰር ላይ ብር አፍስሶ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ላይ መሰሰትም ያስቆጫል። ዘወትር የሚነካው መረጃ ራም ላይ ካደረ ዲስኩ ያርፋል። ራሙ ኢሲሲ፣ ማለትም የራሱን ስህተት አግኝቶ የሚያርም ዓይነት፣ ይሁን።

በመጨረሻ፣ ሳይፈትኑ ሥራ ማስጀመር። እውነተኛ መረጃ ከመግባቱ በፊት ዳታቤዙ ላይ ተከታታይ ቁጥር እያስመዘገባችሁ፣ «ተመዝግቧል» የተባለውን ቁጥር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያዙ። መሃል ላይ የሰርቨሩን ሶኬት ንቀሉ። ሲነሳ ሌላው ኮምፒውተር ላይ የያዛችሁት የመጨረሻ ቁጥር ዳታቤዙ ውስጥ ከሌለ ዲስኩን ለሻጩ መልሱ።