ማውሱ እዚህ፣ ክሊኩ እዚያ፦ የቨርቹዋል ማሽን ስክሪን ችግርና መፍትሄ

ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ውስጥ ክሊክ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ብዙ ሰው ጌስቱን፣ ማለትም በውስጡ የተጫነውን ሲስተም፣ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ የጌስቱን ስክሪን አራት ማዕዘኖችና መሐሉን ክሊክ እያደረጉ ልዩነቱን ይመልከቱ፤ መንስኤው የሚታወቀው ከልዩነቱ ቅርጽ ነው። ዝርዝሩ ዊንዶውስ ላይ ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ለሚጠቀሙ ነው።

ላይኛው ግራ ጥግ ልክ ሆኖ፣ ወደ ታችኛው ቀኝ ሲሄዱ ልዩነቱ የሚሰፋ ከሆነ

ስኬሊንግ ነው፤ ጽሑፍና ምስል በስክሪኑ ላይ እንዲተልቅ የሚያደርገው የዊንዶውስ ማስተካከያ። 1920 በ1080 የሆነ ላፕቶፕ ስኬሉ 150% ሲሆን፣ ዊንዶውስ ስኬሊንግ ለማያውቅ ፕሮግራም ስክሪኑን 1280 በ720 ብሎ ያቀርብለታል። አንዱ ወገን በ1920፣ ሌላው በ1280 ከቆጠረ 600 ላይ የተደረገ ክሊክ 400 ላይ ይመዘገባል፤ 1500 ላይ የተደረገው 1000 ላይ። ዜሮ ለሁለቱም ዜሮ ስለሆነ ጥጉ አይዛባም። ስክሪንሾት አንስቶ በፒክስል ክሊክ የሚያደርግ ስክሪፕት የሚስተውም በዚሁ ነው፤ ቁጥሩን ለ1.5 ማካፈል ወይም በ1.5 ማባዛት ያስተካክለዋል።

ለቨርቹዋልቦክስ፦ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ፕሮግራሙ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ቨርቹዋልቦክስቪኤም» የሚለውን ፋይል በቀኝ ክሊክ ከፍተው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ፤ ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት አድርገው «አፕሊኬሽን» ይምረጡ። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከት የሚከፍተው ማኔጀሩን (የማሽኖቹን ዝርዝር የሚያሳየውን መስኮት) ብቻ ነው፤ እሱን ቢነካኩ የማሽኑ መስኮት አይለወጥም። ጽሑፉ ካነሰብዎ ስኬሉን ጌስቱ ውስጥ ብቻ ያሳድጉ። እዚህም እዚያም መጨመር ችግሩን ይመልሰዋል።

ቁመቱ ልክ ሆኖ ወርዱ እጥፍ የሚሄድ ከሆነ

ጌስቱ ሁለት ስክሪን አለኝ ብሏል። ታብሌት የሚባለው የማውስ ዓይነት የሚልከው ፒክስል ሳይሆን ድርሻ ነው፤ ለምሳሌ ኪውኢሙ በሚባለው ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ከ0 እስከ 32767። ግማሹ ወርዱ 1920 ለሆነ አንድ ስክሪን 960 ሲሆን፣ ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ስክሪኖች ግን 1920 ይሆናል። በቨርቹዋልቦክስ የማሽኑ ሴቲንግ «ዲስፕሌይ» ውስጥ የሞኒተር ብዛትን 1 ያድርጉ።

ፕሮጀክተር ሲሰካ ብቻ የሚመጣ ከሆነ

ሐዋሳ ውስጥ በኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍሎች የሚያጋጥመው ይህ ነው፦ ላፕቶፑ 150%፣ ፕሮጀክተሩ 100%። መስኮቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲጎተት ሒሳቡ ይፋለሳል። ፕሮጀክተሩ ከላፕቶፑ በግራ በኩል ከተቀመጠ ደግሞ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ወርዱ 1280 ከሆነ ግራ ጫፉ −1280 ነው፤ ይህን የማይጠብቅ ፕሮግራም ይሳሳታል። በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ፕሮጀክተሩን ወደ ቀኝ ይጎትቱ፣ የላይ ጠርዞቹን ያስተካክሉ፣ የሁለቱንም ስኬል አንድ ያድርጉ። ትምህርቱ ሊጀመር ደቂቃ ከቀረው «ዱፕሊኬት» ያደርጉና ይገላገላሉ።

ልዩነቱ ወጥ ካልሆነ፣ ከርሰሩ እየተንሸራተተ የሚርቅ ከሆነ

ማውሱ ፒኤስ 2 በሚባለው የቆየ የማውስ ዓይነት ላይ ነው። የሚልከው «ይህን ያህል ተንቀሳቀስኩ» የሚል ብቻ ስለሆነ፣ ጌስቱ የራሱን ፍጥነት ሲጨምርበት ሁለቱ ከርሰሮች ይለያያሉ። በማሽኑ ሴቲንግ «ሲስተም» ውስጥ «ፖይንቲንግ ዲቫይስ» የሚለውን ዩኤስቢ ታብሌት ያድርጉ።

ስክሪኑ 800 በ600 ላይ ከቀረ

ጌስት አዲሽንስ (ጌስቱ ውስጥ የሚጫን የቨርቹዋልቦክስ አጋዥ ፕሮግራም) አልተጫነም። የዊንዶውስ ጌስት ከሆነ «ዲቫይስስ» ሜኑ ውስጥ ሲዲውን አስገብቶ በውስጡ ያለውን መጫኛ ማስኬድ ይበቃል፤ ፋይሉ ከቨርቹዋልቦክስ ጋር ስለሚመጣ ዳታ አይበላም። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ግን ለመጫኑ የሚያስፈልጉትን ጂሲሲ፣ ሜክ እና የከርነሉን ሄደር የሚባሉ ፋይሎች ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይችላል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነው ይጫኑ። የግራፊክስ ኮንትሮለሩ ለሊኑክስ ቪኤምኤስቪጂኤ፣ ለዊንዶውስ ቪቦክስኤስቪጂኤ ይሁን።

ምስሉ ደብዝዞ ሜኑውም ከጠፋ፣ የቀኙን ኮንትሮል ይዘው ሲ ይጫኑ፤ ምስሉን በመስኮቱ ልክ የሚያሳንስና የሚያሳድግ ስኬልድ ሞድ ውስጥ ገብተው ነው።