የካውንስል ታክሳችሁ ለምን ጨመረ? ደብዳቤውን ከድጎማው ጀምሮ ማንበብ

ማርች ሲመጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ፣ አንዱ ከቦርሳው የታጠፈ ደብዳቤ ያወጣል። ከዚያ ሌላው ያወጣል። የካውንስል ታክስ ነው፤ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) በየዓመቱ ከየቤቱ የሚሰበስበው ግብር። አዲስ አበባ ሳለሁ ክፍለ ከተማ ፋይናንስ ውስጥ እሠራ ነበር። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲሰላ ስላየሁ ደብዳቤው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ለንደን ከገባሁ ከ2010 ጀምሮ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

በቅርቡ አንዲት ጡረታ የወጡ እናት «ልጄ፣ 2 በመቶ ጨመርን ይላሉ፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። አታለሉኝ እንዴ?» አሉኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ የሚከፈለው መስመር ከ180 ወደ 208 ፓውንድ ወጥቷል። ጎኑ ላይ 2 በመቶ ይላል። 28 ፓውንድ ከ180 ላይ ሲጨመር ግን ከ15 በመቶ በላይ ነው። ታዲያ 2 በመቶ ከየት መጣ? መቶኛው የሚሰላው በዚያ መስመር ላይ አይደለም። ካውንስሉ አምና በጠቅላላ በጠየቃቸው 1,400 ፓውንድ ላይ ነው። የ1,400 ሁለት በመቶ ደግሞ 28 ነው። አላታለሏቸውም። ደብዳቤው ግን ሰው እንዲገባው ተደርጎ አልተጻፈም፤ ይሄ ያናድደኛል።

እናንተም መጀመሪያ ይህን መስመር ፈልጉ። ከዚያ የካውንስሉን ዋና መስመር እዩ። ለንደን የምትኖሩ ሦስተኛ መስመር አላችሁ፤ የከንቲባው ነው፣ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለትራንስፖርት። በ2025/26 ለባንድ ዲ ቤት 490.38 ፓውንድ ነበር (ባንድ ማለት ቤቶች በዋጋ ግምታቸው የሚመደቡበት ደረጃ ነው፣ ከኤ እስከ ኤች)። ካውንስላችሁ ይሰበስበዋል እንጂ የእሱ ገንዘብ አይደለም።

ባንዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ቤታችሁ የሚመደበው ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ አይደለም። 1991 ኤፕሪል 1 ላይ ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ነው፣ ቤቱ አዲስ ቢሆንም እንኳ። ያኔ ከ68 ሺህ እስከ 88 ሺህ ፓውንድ የሚገመተው ባንድ ዲ ነው። ባንድ ኤ የዲን ሁለት ሦስተኛ ይከፍላል፣ ባንድ ኤች እጥፉን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ለምን ጨመረ?» የሚለው መልስ ደብዳቤው ላይ የለም። በጀቱ ላይ ነው ያለው። የካውንስላችሁ ድረ ገጽ ላይ የዓመቱን በጀት ክፈቱና አራት ቁጥሮች ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ሊያወጣ ያሰበው፣ ከማዕከላዊ መንግሥት የሚመጣው ድጎማ፣ ከንግድ ቤቶች ግብር የሚደርሰው ድርሻ፣ እና ወደ ባንድ ዲ ተለውጦ የተቆጠረው የቤቶች ብዛት። ከወጪው ላይ ድጎማውንና የንግድ ቤቶቹን ድርሻ ቀንሱ። የቀረው ከእኛ ከነዋሪዎች የሚሰበሰበው ነው። እሱን ለቤቶቹ ብዛት አካፍሉ። የካውንስሉ የራሱ የባንድ ዲ ዋጋ በግምት ወጣላችሁ።

ታዲያ ድጎማው ሲቀንስ ምን ይሆናል? ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ካውንስል በዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል እንበል። 75ቱ ከድጎማና ከንግድ ቤቶች ይመጣል፣ 25ቱን ነዋሪው ይከፍላል። መንግሥት 1 ሚሊዮን ቢቀንስ ከጠቅላላው በጀት 1 በመቶ ብቻ ነው። ያንን ለመሸፈን ግን ነዋሪው ከ25 ወደ 26 ሚሊዮን መውጣት አለበት። ይሄ 4 በመቶ ነው። ላይ ቤት 1 የጎደለው እናንተ ቤት 4 ሆኖ ይደርሳል።

ጎረቤት ያለው ካውንስል ደግሞ ከ100 ሚሊዮኑ 60ውን ከነዋሪ የሚሰበስብ ቢሆንስ? ያው 1 ሚሊዮን ሲቀነስበት 1.7 በመቶ ገደማ ቢጨምር ይበቃዋል። ስለዚህ ድጎማ ሲቀነስ የሚጎዳው በድጎማ የሚኖረው ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ ድሃ የሚበዛበት ሰፈር ነው፤ አብዛኞቻችን የምንኖርበት ማለት ነው። ይሄ ከልቤ ያሳስበኛል።

ካውንስሉ እንደፈለገ መጨመርም አይችልም። ከ2023/24 ጀምሮ እንክብካቤ ለሚሰጡት ለአብዛኞቹ ካውንስሎች ጣሪያው 4.99 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለገ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት ወይም የመንግሥትን ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ክሮይደን በ2023 በፈቃድ 14.99 በመቶ ጨምሯል፣ በርሚንግሃም በ2024 9.99። በምሳሌያችን ድጎማው በ3.75 ሚሊዮን ቢወርድ ለመሸፈን 15 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። በጣሪያው የሚገኘው 1.25 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪው 2.5 ሚሊዮን ከአገልግሎት ይቆረጣል፤ ከወጣቶች ማዕከል፣ ከቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ ከመንገድ ጽዳት። ብዙ ከፍላችሁ ትንሽ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ነገሩ ዛሬ የጀመረ አይደለም። ከ2010/11 እስከ 2017/18 ባለው ጊዜ ማዕከላዊ መንግሥት ለካውንስሎች የሚሰጠው ገንዘብ፣ የዋጋ ንረት ሲታሰብ፣ በግማሽ ያህል ወርዷል። እኔ በመጣሁባቸው ዓመታት ሒሳቤ ብዙም አይጨምርም ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ምክንያቱን የገባኝ ቆይቶ ነው። ከ2011 ጀምሮ ታክስ ላልጨመረ ካውንስል መንግሥት ማካካሻ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ያ ድጎማ ቆመ። ያልተጨመረበት ዓመት ግን ተመልሶ አይመጣም፤ የዛሬው መቶኛ የሚሰላው በዚያ ዝቅ ባለ መነሻ ላይ ነው።

በ2013 ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑትን የካውንስል ታክሱን በመክፈል የሚረዳው ብሔራዊ ድጋፍ ተሰረዘ። እያንዳንዱ ካውንስል የራሱን እንዲያወጣ ተባለ፤ ገንዘቡ ግን 10 በመቶ ተቀንሶ ነው የተሰጠው። ጡረተኞች እንዳይነኩ ሕጉ ጠበቃቸው። ቅናሹ የወደቀው በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉት ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ካውንስል ደንብ ከሌላው ይለያል። ቤት ስትቀይሩ «እዚያ አግኝቼ ነበር» ብላችሁ አትተማመኑ፤ አዲሱን ጠይቁ።

የሚገባችሁንም ውሰዱ። ቤት ውስጥ ብቸኛ አዋቂ ከሆናችሁ 25 በመቶ ይቀነስላችኋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን እየኖርኩ ሙሉውን ከፍያለሁ፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወደኋላ ተቆጥሮ ሊመለስ ስለሚችል ዛሬውኑ ጠይቁ። ክፍያው በ10 ወር ከከበዳችሁ በ12 እንዲከፈልላችሁ ጻፉ። አንድ ወር አልፏችሁ ማስታወሻ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ ክፈሉ ወይም ደውሉ። ዝም ካላችሁ የዓመቱን ቀሪ በአንዴ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ባንዱ ተሳስቷል ካላችሁ መጀመሪያ የጎረቤትን ተመሳሳይ ቤት እዩ፤ ይግባኙ ባንዳችሁን ከፍ ሊያደርገውም ይችላልና።

ቅሬታችሁን ደግሞ ማርች ላይ አታምጡ። ማርች ላይ ሁሉም አልቋል። መንግሥት የድጎማውን ረቂቅ የሚያሳውቀው ዲሴምበር ላይ ነው። ካውንስሎች የነዋሪን አስተያየት የሚሰበስቡት በዚያው ሰሞንና ጃንዋሪ ላይ ነው፣ የሚያጸድቁት አብዛኞቹ ፌብሩዋሪ ላይ። ስለ ድጎማው ለፓርላማ ተወካያችሁ ጻፉ፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ለካውንስል ተመራጫችሁ።

እኚያ እናት ዲሴምበር ላይ መጠይቁን ይዘው መጡ። የትኛው አገልግሎት ይቀነስ ከሚለው ጥያቄ ሥር «የልጅ ልጄ የምታነብበትን ቤት አትዝጉብን» ብለው በአማርኛ ጻፉ። እኔ ከታች ተረጎምኩት፤ እሳቸው ፈርመው ፖስታ ቤት ሄዱ።