ኮሌጅ ተቀጥራችሁ አዲስ ነገር የምትሠሩ ሰዎች፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

"እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ ስለዚህ የኔ ነው" ማለት። ከሁሉም በላይ ሰው ሲጎዳበት ያየሁት ይሄ ነው፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። የአገራችን የፈጠራ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ፈጠራ የፈጣሪው ነው ብሎ ይጀምርና ተቀጣሪ ላይ ሲደርስ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። የተቀጠራችሁበት ሥራ ውጤት ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀጣሪው ነው። ከሥራችሁ ጋር ምንም ካልተገናኘና የመሥሪያ ቤቱን ዕቃም መረጃም ካልነካችሁ የናንተ ነው። ሰው የሚጣላው መሃል ላይ ባለው ነው፣ ሥራችሁ ባይሆንም የራሳችሁ ድካምና የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ከተደባለቀ እኩል የጋራ ነው።

የሸዋ ሮቢት ልጅ የሆነ አንድ የብየዳ አሰልጣኝ የማሾ መውቂያ ሠራ። ማሾ ሲወቃ ፍሬው እየተሰነጠቀ ገበያ ላይ ዋጋው እንደሚወርድ እዛ አካባቢ የማያውቅ የለም፣ ልጁ ከበሮው ጥርስ ላይ ጎማ አልብሶ ፍጥነቱን በፑሊ ቀነሰውና ፍሬው ሙሉ ሆኖ ወጣ። በጣም ጎበዝ ነው። ላሜራውን፣ አንግሉን፣ ኩሽኔታውን በደሞዙ ገዛ፣ ማታ ማታ ሠራ፣ ሻፍቱን ግን በኮሌጁ ቶርኖ፣ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ አወጣው፣ ኤሌክትሮዱም ከስቶር ነው የወጣው። አንድ ነጋዴ አብዝተን እንሽጠው ብሎ ሲመጣ ኮሌጁ የኛ ነው አለ፣ እሱም የኔ ነው አለ፣ ወረቀት ግን አንዳቸውም አልነበራቸውም፣ የኩሽኔታው ደረሰኝ እንኳ ጠፍቷል። ነጋዴው ሁለት ሰው ከሚካሰስበት ነገር ይቅርብኝ ብሎ ሄደ፣ ማሽኑ እስካሁን ግቢ ውስጥ ዝናብ ይመታዋል።

ቶርኖውን ከመንካቱ በፊት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃው ነበር እኮ! ምን እንደምትሠሩ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ መሆኑን፣ የትኛውን ማሽን እንደምትጠቀሙ፣ ወጪው የማን እንደሆነ፣ ድርሻው እንዴት እንደሚከፈል ጻፉና ለዲኑ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማህተም ያረፈበትን ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ፣ "ችግር የለም፣ ሥራ" የተባለ ነገር ዲን ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የሥራ ዝርዝራችሁን አለማንበብ። "እኔ የተቀጠርኩት ለማስተማር ነው" ትላላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ምርምርና ቴክኖሎጂ ማሸጋገርም ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የፕሮጀክት በጀት ከወሰዳችሁ የገንዘብ ሰጪውንም ውል አንብቡ።

መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ፈታቶ ማሳየት። እኛ አገር ራሳችሁ ካሳያችሁት ቀን ጀምሮ የፓተንት፣ ማለትም ሌላ ሰው ፈጠራችሁን ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት፣ ማመልከቻ ለማስገባት 12 ወር አላችሁ፣ አውሮፓ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ አይሰጥም፣ ስለዚህ ውጭ አገር ገበያ የምታስቡ ካላችሁ አስቀድማችሁ አመልክቱ።

ተማሪን እንደ ሠራተኛ መቁጠር። ተማሪ ደሞዝ አይበላም፣ የቅጥር ውልም የለውም፣ ሃሳቡን ወስዳችሁ በራሳችሁ ስም ማስመዝገብ ነውር ነው። በተቃራኒው ምንም ያልሠራ ኃላፊን አለቃ ስለሆነ ብቻ ፈጣሪ ብሎ መጻፍም ስህተት ነው። ባለቤት መሆንና ፈጣሪ መሆን ለየብቻ ናቸው፣ ኮሌጁ ባለቤት ቢሆን እንኳ ፈጣሪ ተብሎ መጻፍ ያለበት የሠራው ሰው ስም ነው።

የተሻሻለ የገብስ ዘር ወይም ሶፍትዌር ይዞ ፓተንት መጠየቅ። ሁለቱም በዚህ አዋጅ ፓተንት አያገኙም፣ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁትን የአሜሪካ ሕግ እዚህ ማምጣት። እነሱ ዘንድ በመንግሥት ገንዘብ ለተሠራ ምርምር በፈረንጆች 1980 የወጣ ሕግ አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በፈረንጆች 2011 ያ ሕግ ብቻውን ዩኒቨርሲቲውን ባለቤት አያደርገውም፣ መብቱ መጀመሪያ የፈጣሪው ነው ብሏል። ደብረ ብርሃን ላይ የተፈረመ ውል ግን የሚታየው በኛ አዋጅ ነው።

አነስተኛ ፈጠራን መናቅ። እንደ መውቂያው ያለ የማሻሻያ ሥራ ፓተንት ባያገኝ እንኳ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ሊያገኝ ይችላል፣ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። ፓተንቱ 15 ዓመት ነው፣ አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ይጨመርለታል። የጋራ ከሆነ ከኮሌጁ ጋር አብራችሁ ፈርማችሁ አመልክቱ፣ የድርሻ ስምምነቱንም ከማመልከቻው በፊት ጨርሱት።