ካሜራ ይዞ መውጣት፦ ከዋዜማው ምሽት እስከ ፎቶ መረጣው

አንድ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ወጣሁ። መንገዱ ሁሉ ጭጋግ ለብሷል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት ስንቴ ያገኛል? አንድ ሰዓት ያህል ሳነሳ ቆየሁ። ባነሳሁ ቁጥር ምስሉ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ይላል። እኔም "ይሄስ ተሳካ" እያልኩ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ደክሞኝ ቁጭ ስል ያነሳሁትን አንድ በአንድ ልይ ብዬ ብከፍት ምንም የለም። ሚሞሪ ካርዱ ቤት ቀርቷል። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼው እዚያው ረስቼዋለሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ለፎቶ ወጥተን ባዶ እጃችንን የምንመለሰው ብዙ ጊዜ ከመውጣታችን በፊት ወይም ከተመለስን በኋላ በምንሠራው ስህተት ነው። ስለዚህ አካሄዱን ከዋዜማው እጀምራለሁ። ትልቅ ካሜራ ላለውም፣ በስልኩ ለሚያነሳውም ይሆናል።

1. ማታውኑ ተዘጋጁ

መጀመሪያ የካሜራችሁን ሜኑ ክፈቱና ካርድ ሳይኖር ሹተሩ (ለፎቶው ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) እንዲሠራ የሚፈቅደውን ምርጫ ፈልጋችሁ አጥፉት። ብዙ ካሜራዎች ላይ አለ። ከጠፋ በኋላ ካርድ ከሌለ ካሜራው እምቢ ይላችኋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው።

ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ። የምትሄዱበት ቦታ ብርድ ከሆነ ትርፍ ባትሪ ያዙ፤ ባትሪ ሲበርደው ቶሎ ይደክማል። ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ሰውነታችሁ በሚያሞቀው ቦታ አድርጉት። ብርድ ላይ አለቀ ያላችሁት ባትሪም ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ካርዱ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሌላ ቦታ መገልበጣቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት። ሌንሱንም ጥረጉ። መጀመሪያ አቧራውን በመንፊያ አራግፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራው ሳይነሳ ብትፈትጉት መስታወቱን ትጭሩታላችሁ። የስልክ ሌንስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጣት ሲነካው ይውላል። የስልክ ፎቶ ጭጋግ ከለበሰ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው የጣት ቅባት ነው።

ሌላው የሚረሳው የቆየ ሴቲንግ ነው። ትናንት ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) 6400 አድርጋችሁ ከነበረ፣ ዛሬ ፀሐይ ላይ ስትወጡም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

2. ሌንስ አንድ፣ ቦታም አንድ

ጀማሪ ሳለሁ ቤት ያለኝን ሁሉ ተሸክሜ ነበር የምወጣው። ትከሻዬ ይዝላል፣ ሌንስ ስቀያይር ሰውየው ያልፋል፣ ብርሃኑም ይሄዳል። አሁን አንድ ሌንስ ብቻ ነው የምይዘው። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው ትንሽዬ ላይካ ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል) ይዞ ነው። ለእሱ ከበቃ ለእኔ አያንስም።

ዙም ሌንስ ብቻ ካላችሁ ችግር የለም። አንድ ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ 35 ላይ አቁሙትና ያንን ቀን አትንኩት። ማቅረብ ስትፈልጉ በእግራችሁ ቅረቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካሜራውን ሳታነሱ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ።

ቦታውንም እንዲሁ። ሩቅ መሄድ ደስ ይላል፤ ግን በዓመት ስንት ጊዜ ይሆናል? በእግር የሚደረስ አንድ መንገድ፣ ድልድይ ወይም መናፈሻ ምረጡና ደጋግማችሁ ሂዱ። አንድ ቦታ ላይ አምስተኛ ቀናችሁ ሲሆን ፀሐይዋ በየትኛው ሕንፃ መሃል እንደምትገባ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ሰው ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለምዳችሁታል። ለእኔ ጥሩ ፎቶ የሰጠኝ ብዙ ጊዜ የሰለቸኝ ቦታ ነው።

3. ሰዓቱን ብርሃኑ ይምረጥላችሁ

ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ያለውን ጊዜ ፎቶ አንሺዎች ወርቃማው ሰዓት ይሉታል። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ወደ እኛ የሚደርሰው ረጅም አየር አቋርጦ ነው። በመንገዱ ሰማያዊው ብርሃን ይበተናል፣ ቢጫና ቀዩ ይተርፋል። ጥላውም ይረዝማል፤ የግድግዳው ሸካራነት፣ የፊት መስመር ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ስሙ ግን እንዳያታልላችሁ። ሰዓት ቢባልም በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትወርድ ቶሎ ያልቃል። ወደ ዋልታዎቹ ስትጠጉ ይረዝማል። ስለዚህ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቦታው ላይ ድረሱ። ቀድሞ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃንም የራሱ ውበት አለው፤ በተለይ የመንገድ መብራቶች ገና ካልጠፉ።

ቀትር ላይ ብቻ ነው የሚመቸኝ ለምትሉ፣ ጥላ ፈልጉ። ሰው ስታነሱ በር ደፍ ላይ ወይም ዛፍ ሥር አቁሙት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መልሱት። ደመና ከሆነ ደግሞ አትከፉ። ሰማዩ እንደ ትልቅ አባጃር ብርሃኑን ያለሰልስላችኋል፤ ለሰው ፊት ከዚህ የተሻለ የለም። ሰማዩን ራሱን ግን ከፎቶው ውስጥ አሳንሱት፣ ነጭ ወረቀት ከመምሰል አያልፍም።

4. ካሜራውን አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ እርሱት

መንገድ ላይ ቆሞ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ፎቶው ያመልጠዋል። እኔ ቀን ላይ ስወጣ የምጀምርበት ይህ ነው፦ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እኔ የምመርጥበት ሞድ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ አውቶማቲክ፣ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ በታች እንዳይወርድ። ኤፍ 8 ከፊትም ከኋላም ያለውን በደንብ ያሳያል፤ 1/250 ደግሞ ተራምዶ የሚያልፍ ሰውን ሳያደበዝዝ ይይዛል። ፋይሉን በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አስቀምጡ። ካርዱ ቦታ ካለው ራውና ጄፔግ (የተለመደው ዝግጁ ፎቶ) አንድ ላይ ይሁን።

ቆሞ ያለ ነገር በእጅ ስታነሱ አንድ የቆየ ሕግ አለ። የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ቁጥር አይነስ። 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1/50፣ 200 ከሆነ 1/200። እጄ ይንቀጠቀጣል የሚል እጥፍ ያድርገው። ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ወይም ካሜራ ከዚህ በታችም ያወርዳችኋል፤ ነገር ግን የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አይደለም።

ጀማሪን ግራ የሚያጋባው የብርሃን መጠኑ ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይወዳል። ነጭ ግድግዳ ብታሳዩት ያጠቁረዋል፤ ጥቁር ልብስ ብታሳዩት ያነጣዋል። መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት። ነጭ ለበዛበት +1፣ ጥቁር ለበዛበት -1 አድርጋችሁ ጀምሩ። ስክሪኑን አትመኑት፤ ፀሐይ ላይ ሁሉም ጨለማ ይመስላል፣ ማታ ሁሉም ያበራል። ሂስቶግራሙን (ከጥቁር በግራ እስከ ነጭ በቀኝ ያለውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። ግራፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ከቆመ ነጩ ውስጥ ያለው ዝርዝር ጠፍቷል ማለት ነው፤ የጠፋ ነጭን ደግሞ ኤዲት አይመልሰውም።

5. ቁሙ፣ ከዚያ ዙሩት

ስትደርሱ ወዲያው አታንሱ። አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ብርሃኑ ከየት ነው? ምን እየተንቀሳቀሰ ነው? ዓይን የሚስበው የቱ ነው?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በቅርቡ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ብስክሌት አየሁ። የጎማዎቹ ጥላ ግድግዳው ላይ ረዝሞ ተኝቷል። የመጀመሪያውን ቆሜ አነሳሁ፤ ቀሽም ነበር። ብስክሌት አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ቀረብ ብዬ ጥላውን ብቻ ይዤ አነሳሁ፤ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ ሳየው ከኋላ የመብራት እንጨት ከመሪው ላይ የበቀለ ይመስላል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ፣ እንጨቱ ከፎቶው ወጣ። ተንበረከክሁ፤ ጥላው ከብስክሌቱ ይበልጥ ገዘፈ። አሁን የጎደለው ሰው ነበር። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዎች አለፉ፤ አንዱ ቶሎ አለፈ፣ አንዱ ብስክሌቱን ከለለው፣ ሦስተኛዋ እኔን አይታ ቆመች። አራተኛው ሰውዬ እግሩን ዘርግቶ ሲራመድ የእሱ ጥላ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ገባ። አሥራ አንደኛው ፎቶ እሱ ነው። አሥሩን ጥያቸዋለሁ።

ጀማሪዎች አንድ አንስተው ይሄዳሉ። እባካችሁ ዙሩት፣ ጎንበስ በሉ፣ ጠርዞቹን እዩ። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ዓይናችሁን በአራቱም ጠርዝ ዞር አድርጉ፤ የተቆረጠ እጅ፣ የገባ ቆሻሻ መጣያ፣ ያዘመመ አድማስ የሚገኘው እዚያ ነው።

መጠበቅን ሳነሳ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር በ1838 ከፓሪስ መስኮት ያነሳው ፎቶ ነው። መንገዱ ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ነበር። ፎቶው ግን ደቂቃዎች ስለፈጀ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፍቶ መንገዱ ባዶ ይመስላል። የሚታየው ጫማውን ሲያስጠርግ ቆሞ የቆየ ሰው ነው። ይህንኑ እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ካሜራውን ግንብ ላይ አስደግፉና ሹተሩን 1/8 ላይ አድርጉ፤ የቆመው ጥርት ይላል፣ የሚሄደው እንደ ጭስ ይሳባል።

6. ሰው ሲኖር

ከሩቅ በትልቅ ሌንስ ተደብቆ ማንሳት አልወድም። ፎቶውም ያስታውቃል፣ የተሰረቀ ይመስላል። ሰውየው የፎቶው ዋና ጉዳይ ከሆነ ጠይቁት። ቃል ካልተመቻችሁ ካሜራውን ከፍ አድርጋችሁ በዓይናችሁ ጠይቁ፤ ይገባዋል። ካነሳችሁ በኋላ አሳዩት፣ ከፈለገም ላኩለት፤ እልካለሁ ካላችሁ ደግሞ በእርግጥ ላኩ። እምቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። አንስታችሁም ደስ ካላለው ፎቶውን እዚያው እፊቱ አጥፉት። ልጆች ከሆኑ ወላጅ ሳይፈቅድ አታንሱ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ማንሳት የማይፈቀድባቸው ሕንፃዎችም አሉ። ጠባቂ ካያችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

7. ዝናብና አቧራ

አቧራ ባለበት ሌንስ አትቀይሩ። ግድ ከሆነ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ ቶሎ ጨርሱ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከደጅ ሳላችሁ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። እርጥበቱ በላስቲኩ ላይ ያርፋል እንጂ ሌንሱን አያላብም። ክፍሉን ያህል እስኪሞቅ አትክፈቱት። ዝናብ ካካፋ አንድ የፕላስቲክ ከረጢትና ላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል፤ ደግሞም ዝናብ ያቆመበት ቅጽበት፣ መንገዱ መስታወት የሚሆንበት፣ ቤት ለመግባት የማይቸኮልበት ነው።

8. ቤት ስትመለሱ

ከሁሉ በፊት ገልብጡ። አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፤ ከተቻለ ሦስተኛ ቅጂ ከቤት ውጭ ወይም ኢንተርኔት ላይ። ፎልደሩን ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጋችሁ ሰይሙት፤ በራሱ በቅደም ተከተል ይደረደራል።

ከዚያ ተዉት። እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም፤ እነሱ ማታውኑ መርጠው ይለጥፋሉ። እኔ ግን በዚያው ምሽት ስመርጥ ፎቶውን ሳይሆን ድካሜን ነው የምመርጠው። ለማንሳት የተሰቃየሁበት ሁሉ ጥሩ ይመስለኛል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ ያነሳውን ፊልም ሆን ብሎ ሳያጥብ ያቆይ ነበር፤ ሲያነሳ የነበረው ስሜት ከፎቶው እንዲለይለት። በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ያልታጠበ ጥቅል ፊልም ትቶ ነው የሄደው። ያን ያህል አትቆዩ። አንድ ሳምንት ይበቃል።

ስትመርጡ መጀመሪያ በፍጥነት እለፉ፣ ቀልብ የያዛችሁን ብቻ ምልክት አድርጉበት። በሁለተኛው ዙር ከሚመሳሰሉት አንድ ብቻ አስቀሩ። ከ200 ፎቶ አሥር ከወጣ ቀኑ ጥሩ ነበር። ኤዲቱን ቀለል አድርጉት፦ አድማሱን አቅኑ፣ ጠርዙን ቁረጡ፣ ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ዝጉት። በማግስቱ ስታዩት ቀለሙ ከጮኸባችሁ ግማሹን መልሱ።

ከአሥሩ አንዷን አሳትሙ። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጥሩ ህትመት 1200 በ1800 ፒክሰል፣ ማለትም ሁለት ሜጋፒክሰል ገደማ ይበቃል፤ ዛሬ ማንኛውም ስማርት ስልክ ከዚያ ይበልጣል። ግድግዳ ላይ ለጥፏት። ወር ሙሉ እያያችኋት ካልሰለቸቻችሁ ትቆይ፤ ከሰለቸቻችሁ በሌላ ተኩ።

ስትጨርሱ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ንቀሉና ካሜራው ውስጥ መልሱት። አሁኑኑ፣ ከወንበራችሁ ሳትነሱ።