«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» እና ሌሎች ተከራይን የሚጎዱ ስህተቶች

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጋቢት 24 ቀን 2016 ሲጸድቅ ብዙ ተከራይ «ተገላገልን» ብሎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በየወረዳው የውል ምዝገባ የተጀመረው ሰኔ 2016 ነው። ሥራዬ ውል ማርቀቅና የኪራይ ጠብ ሲነሳ ማማከር ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ማን በምን እንደሚጎዳ በቅርብ አያለሁ። አዋጁን ጭራሽ ያልሰማ ሰው አሁን ብዙም አይመጣብኝም። አዋጁን እያወቀ በገዛ እጁ ከአዋጁ ውጭ የወጣ ግን ሞልቷል። ምክንያቱን ስጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው። «ይሉኝታ ያዘኝ።»

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የአዲስ አበባን አሠራር ይመለከታል። ሌላ ከተማ ያላችሁ አዋጁ ያው ነው፤ አፈጻጸሙን ግን የከተማችሁን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ሳይጽፉ መግባት

ሴትየዋ ደግ ናቸው። ቤቱን ልታይ የገባህ ቀን ቡና አፍልተው ጠበቁህ። «እኛ ጋ የገባ ልጃችን ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» አሉህ። አንተም ወረቀት ብትጠይቅ የጠረጠርካቸው ይመስላል ብለህ ዝም አልክ። እትዬ እውነትም ደግ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን እሳቸው ነገ ውጭ አገር ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ቤቱን የሚረከበው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ቡናውን አልጠጣም።

ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይረጋገጣል፣ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ማለት ቤቱ ያለበት ወረዳ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። «ሁለት ዓመት ልታሰር ነው?» ብለው የሚሸሹ ተከራዮች አሉ። የሁለት ዓመቱ ገደብ በዋናነት የተበጀው ለእናንተ ጥበቃ ነው። ተከራይ አስቀድሞ በጽሑፍ አሳውቆ መልቀቅ ይችላል።

ሁለት ዋጋ መዋዋል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትዕግስቴን ያስጨረሰኝ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። አከራዩ «ወረዳ 6 ሺህ ብለን እናስመዝግብ፣ አንተ ግን 15 ሺህ ትሰጠኛለህ» ይላል። የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛበት ነው። ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ ይስማማል። አንዳንዱማ እንደ ብልጥ ይቆጥረዋል። «ጭማሪው የሚሰላው ከተመዘገበው ላይ ነው አይደል? ከ6 ሺህ ላይ በመቶኛ ቢጨመር ምን ያህል ይሆናል?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጭማሪው የሚመጣው ከወረቀቱ ውጭ ባለው 9 ሺህ ላይ ነው! እዚያ ላይ ተመን የለም፣ ወረዳ የለም፣ አዋጅ የለም። አከራዩ በፈለገው ወር፣ በፈለገው መጠን ይጨምራል። እምቢ ብትል ይጣላሃል። ወረዳ ሄደህ ልትከስ ስትል ደግሞ መጀመሪያ «የፈረምኩት ውል ውሸት ነው» ማለት አለብህ። ከዚያ በኋላ የምትናገረውን ማን ያምንሃል?

አንዲት ነርስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት መጣች። የተመዘገበውን በባንክ፣ ቀሪውን በእጅ ስትከፍል ኖራለች። ከወረቀቱ ውጭ ያለው ላይ ሦስት ሺህ ብር ሲጨመርባት አልችልም አለች፤ ውጪ ተባለች። በእጅ የሰጠችው የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያም አልተመለሰላትም። ማስረጃ አለሽ ወይ ስላት ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ወሮቹ በማስመሪያ ተሰምረው ተጽፈዋል። ከእያንዳንዱ ወር ጎን የብር መጠኑ፣ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ የ«ተከፍሏል» ምልክት። ሁሉም የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። የአከራዩ ፊርማ አንድም ቦታ የለም። «ፈርሙልኝ ማለት አፈርኩ» አለችኝ። ያን ያህል ጥንቁቅ የሆነች ልጅ፣ አንድ ፊርማ መጠየቅ አፍራ ገንዘቧን አጣች።

አከራዮችም ይህን ስሙ። በ6 ሺህ አስመዝግባችሁ ተከራዩ አንድ ቀን ቢጨክንባችሁ፣ «ውላችን 6 ሺህ ነው» ብሎ 6 ሺህ እያስገባ ቁጭ ይላል። ይህንንም አይቻለሁ። አከራዩ ጋሼ ቢሮዬ መጥተው እንደ ሕፃን ሲንገበገቡ ምን ልላቸው እችላለሁ? ወረቀቱ ላይ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

ቤት በጠፋበት ከተማ አይሆንም ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ገና ከመፈረማችሁ በፊት ትክክለኛው ዋጋ እንዲጻፍ ጠይቁ። ግብሩ የሚያሳስባቸው ከሆነ እሱን ተነጋገሩበት። የማይሆን ከሆነ ሌላ ቤት እስክታገኙ ዘመድ ጋ መክረሙ ይሻላል።

በእጅ መክፈል

አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ የክፍያ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ አትተዉት፣ «ብር» ብላችሁም አትጻፉ። ገንዘቡ በአከራዩ ልጅ ሂሳብ የሚገባ ከሆነ የልጅቷ ስምና የሂሳብ ቁጥሯ ውሉ ላይ ይግባ። ስክሪንሾት ከስልክ ጋር ይጠፋል፤ በየጊዜው ከባንኩ የሂሳብ መግለጫ አውጡ።

የስድስት ወር ቅድሚያ መስጠት

ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ ክልክል ነው። ደላላው «ሰፈሩ እንደዚህ ነው» ቢልም ክልክል ነው።

«ጨምሩ» ሲባል ወዲያው መጨመር

የመስከረም ጭማሪ ልማድ ሆኖብን ቆይቷል። አዲሱ ዓመት ሲገባ አከራይ በር ያንኳኳል፣ ተከራይ ይደነግጣል፣ ይለምናል፣ ትንሽ ያስቀንሳል፣ ይከፍላል። አሁን ግን ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው ተመን ልክ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ብትስማሙም ስምምነቱ ከሕግ ውጭ ነው።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰዎች ጭማሪውን በቃል ሰምተው፣ በቃል ተስማምተው፣ አዲሱን ዋጋ ሦስት አራት ወር ከከፈሉ በኋላ ነው «መብቴ ነበር ወይ?» ብለው የሚጠይቁት። ጥያቄው መምጣት ያለበት ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ጭማሪ ሲጠየቅ በትሕትና «ተመኑን ወረዳ ጠይቄ ልምጣ» በሉ። ጠብ አይደለም። ብዙ አከራይ ይህን ሲሰማ ራሱ ዋጋውን ያስተካክላል።

ደግሞ በተቃራኒው አትሳቱ። አዋጁ ኪራይ ፈጽሞ አይጨምርም አላለም። በ2012 በኮሮና ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደንብ ኪራይ መጨመርና ተከራይ ማስወጣት ተከልክሎ ስለነበር፣ ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው ያ ነው። አሁን ያለው ሕግ ጭማሪን በልክ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ አለመጠየቅ

ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት አይደለም። ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም የባለቤትነት ማስረጃ እዩ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናውን ጠይቁ፤ ውክልናው ማከራየትን ይጨምር እንደሆነ አንብቡት። ቤት የመጠበቅ ውክልና የማከራየት ሥልጣን ላይሰጥ ይችላል።

በጣም ተጠንቀቁ የምለው ስለ ቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። እስከ ዛሬ በመንግሥት ስም ያሉ፣ በትንሽ ኪራይ የሚኖሩባቸው ቤቶች እነዚህ ናቸው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን መልሶ ለሌላ ማከራየት አይችልም። ግን ያከራያሉ። ቤቱ መሀል ከተማ ነው፣ ዋጋው ይስባል፣ ወጣት ተከራይ ዘሎ ይገባል። አንድ ልጅ እንዲህ ገብቶ ጣሪያ አስጠግኖ፣ ወለል ሊሾ አስደርጎ ነበር። ወረዳው ማጣራት ሲያደርግ ዋናው ተከራይ «የአክስቴ ልጅ ነው፣ ለጊዜው ነው ያረፈው» አለ። ለልጁ ሻንጣውን ከማንሳት በስተቀር የሚቀርብለት አማራጭ አልነበረም። ማንን ይከሳል? የሚያስመዘግበው ውል ከመጀመሪያውም ሊኖረው አይችልም ነበር።

ቆጣሪውን ሳያዩ መግባት

ቁልፍ የምትቀበሉ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሰርቪስ ቤት ከሆነና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ በሰው ነው፣ በክፍል ነው፣ ወይስ ኪራዩ ውስጥ ተጠቃሏል? ምጣድ መጣድ ይፈቀዳል ወይ? ትሳቁ ይሆናል። ከተከራይና ከአከራይ ጠብ ስንቱ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚጀምር ብታውቁ አትስቁም። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የማይዘጋ በር፣ የሚያፈስ ቧንቧ ካለም ያኔውኑ ፎቶ ይነሳ።

ተናደው መውጣት

«ውጣ!» የሚል ጩኸት ማስጠንቀቂያ አይደለም። ውሃ መዝጋት፣ መብራት መቁረጥ፣ ማታ በር አለመክፈት ውል ማቋረጫ መንገድ አይደለም። በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ውሉ የተመዘገበበት ወረዳ ሂዱ። ብዙ ሰው ግን ክብሬ ተነካ ብሎ በዚያው ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ይወጣል፤ ቅድሚያ ክፍያውንም፣ ውሉንም፣ ክርክሩንም እዚያው ጥሎ። ክብርን መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ጭነት መኪና የሚጠራው ግን በማግስቱ ወረዳ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ይሁን።

ይህ የሚሠራው ኪራይ በጊዜው ለሚከፍል ነው። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይን አዋጁ አይሸሽገውም። ከአከራዮች ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ከግቢያቸው ሁለት ክፍል አከራይተው መድኃኒት የሚገዙ። ለእነሱም ቢሆን የማይከፍል ተከራይ ሲገጥማቸው የሚያግዛቸው የተመዘገበው ውል ነው።

«ኮንዶሚኒየም እስኪደርሰኝ ነው» እያሉ መኖር

ይህን ስህተት የማነሳው በሐዘኔታ ነው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡ አሉ። በ2005 ሲከፈት ለ20/80፣ ለ40/60 ወይም ለ10/90 ተመዝግበው በንግድ ባንክ ሲቆጥቡ የኖሩ አሉ። ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ ለሚበልጡ ቤቶች የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፤ ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ። ስሙ መጀመሪያ ወጥቶ በኋላ ያጣው ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም።

ችግሩ ተስፋ ማድረጉ አይደለም። ቁጠባውን ቀጥሉ፤ ማቋረጥ ዕጣ ውስጥ እንዳትገቡ ሊያደርግ ይችላል። ችግሩ፣ «ነገ እወጣለሁ» የሚል ሰው የዛሬውን ኪራይ እንደ ኑሮ አለመቁጠሩ ነው። ውል አያስመዘግብም፣ ደረሰኝ አይዝም፣ ለጭማሪው «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብሎ ይስማማል። ልጁ እዚያው ቤት ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል።

ሌላው ደግሞ መጠበቅ ሰልችቶት ዕጣ ከደረሰው ሰው በድብቅ ይገዛል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ከተረከበ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አይችልም። «በውክልና እናድርገው፣ አምስት ዓመት ሲሞላ ስም እናዞራለን» የሚል ደላላ አለ። ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፤ ወካዩ ከሞተም አብሮት ይቀራል። ወራሾቹ ሲመጡ ቤቱ የማን ነው? ለዚህ ብላችሁ ዕድሜ ልካችሁን ያጠራቀማችሁትን አትስጡ።

ጥቃቅኖቹ

አዋጁ የመኖሪያ ቤት ነው፤ ለሱቅ ወይም ለቢሮ ኪራይ አይሠራም። ያልተጻፈ ቀብድ አትስጡ። አከራይ ባል ወይም ሚስት ካለው ሁለቱም ይፈርሙ። ወረዳ ስትሄዱ ሁለታችሁም መታወቂያ፣ አከራዩ ደግሞ የቤቱን ማስረጃ ያዙ። ማህተም ያረፈበትን ውል በእጃችሁ ሳታስገቡ ከቢሮው አትውጡ፤ «ኮፒው ነገ ይደርሳችኋል» ከተባለም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።