ድራም ስትጀምሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው፦ ለጅማ ጀማሪዎች

«ድራም የለኝም፣ በምን ልጀምር?»

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሙሉ ድራም አያስፈልጋችሁም። ሁለት ስቲክ (የድራም መምቻ ዱላ) እና የሚያነጥር ነገር ይበቃል። 5ኤ የሚባለውን ስቲክ ፈልጉ። ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለብዙ ሰው እጅ ይስማማል።

ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት፣ አናጺ ቤት ቁራጭ ጣውላ አይጠፋም። ከጎሚስታ ደግሞ አሮጌ የውስጥ ጎማ ጠይቁ። ጎማውን ጣውላው ላይ ወጥራችሁ ዳር ዳሩን በምስማር ምቱት። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎረቤት አይማረርም። ትራስ ላይ ግን አትጀምሩ፤ ስቲኩ ስለማይነጥር እጃችሁ ንጥረቱን ሳይለምድ ይቀራል።

«እጄ ቶሎ ይዝላል፣ ጣቴ ይቆስላል»

ስቲኩን አንቃችሁ ስለያዛችሁት ነው። ከኋላው ሲሦው ላይ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ያዙት፣ ሌሎቹ ጣቶች ላላ ብለው ይከተሉ። ከዚያ አንዴ ብቻ መትታችሁ ተዉት። ብቻውን ሦስት አራት ጊዜ ካልነጠረ ገና እያነቃችሁት ነው። አንጓችሁን ካመማችሁ የዚያን ቀን ልምምድ አቁሙ።

«ዘፈኑ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ወይ እኔ ጥዬው እሄዳለሁ»

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄኛው ነው። ብዙዎች «ጆሮዬ ሙዚቃ አይገባውም» ብለው የሚተዉትም እዚህ ላይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው ችኮላ ነው። ስልካችሁ ላይ ነፃ የሜትሮኖም (እኩል ምት እየመታ የሚሄድ) መተግበሪያ ጫኑና በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያላችሁ ከምቱ ጋር ብቻ ምቱ። አፋችሁ ጮክ ብሎ ይቁጠር፤ ሲያፍር እጅም ይደነባበራል። ሁለት ደቂቃ ሳይበላሽ ከሄደ 5 ጨምሩ፣ ከተበላሸ 5 ቀንሱ። ማታ መብራት ቢጠፋም ይሄ ልምምድ አይቋረጥም።

ሁለተኛው አቆጣጠር ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው አብዛኞቹ የድራም ትምህርቶች በአራት ይቆጥራሉ። ሠርግ ቤት የምንጨፍርበት ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። በአራት ብቻ የለመደ እጅ እዚያ ሲደርስ መጥፋቱ አይገርምም። መፍትሄው በስድስት መቁጠር ነው፦ *አንድ*-ሁለት-ሦስት-*አራት*-አምስት-ስድስት። መጀመሪያ ስቲኩን አስቀምጡና አንድና አራት ላይ ብቻ በእግራችሁ መሬቱን ምቱ፤ ትከሻችሁ ራሱ ይከተላችኋል። ድራም ስታገኙ ሃይሃቱን (ጥንድ ሳህኑን) ስድስቱም ላይ፣ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቅ ከበሮ) አንድ ላይ፣ ስኔሩን (ከፊታችሁ ያለውን ጠፍጣፋ ከበሮ) አራት ላይ አድርጉት። ቀላሉ የስድስት ምት ይሄው ነው፤ ማስዋቡ ቀስ ብሎ ይመጣል።

«እጄና እግሬ አይግባቡም»

ሁለቱንም እጅና ሁለቱንም እግር በአንዴ ስለጀመራችሁ ነው። ሃይሃቱን ብቻ ያዙ፤ ሲረጋ ስኔሩን፣ በመጨረሻ ኪኩን ጨምሩ።

«ትናንት ጥሩ የነበረው ድምፅ ዛሬ ሞተ»

ቆዳ ከሆነ የጅማ ዝናብ ሥራ ነው። በክረምት የከበሮ ቆዳ እርጥበት ይስብና ይላላል። ፀሐይ ብልጭ ስትል አውጡት፤ እሳት ዳር የምታሞቁት ከሆነ ራቅ አድርጉት፣ ቆዳው ቶሎ ይሰነጠቃል።

የድራም ፕላስቲክ (በቆዳ ፋንታ የሚወጠረው) ግን እርጥበት አይስብም። እሱ ላይ የሚላሉት ብሎኖቹ ናቸው። በድራም ቁልፍ ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቃችሁ፣ በየጊዜው ከግማሽ ዙር ሳታልፉ አጥብቁ። አንዱን ብሎን ብቻ ካጠበቃችሁ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ድምፁም ይበላሻል።

«ከልምምድ በኋላ ጆሮዬ ይጮኻል»

ጠባብ ክፍል ውስጥ ድራም ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። ጥጥ መወተፍ አይበቃም፣ የጆሮ መሰኪያ ግዙ። ጩኸቱ በማግስቱም ካልተወ ሐኪም ይየው። አንዴ የተጎዳ የመስማት ችሎታ ብዙ ጊዜ አይመለስም።